ጌም የምትመዝነው የችሎት ጸሐፊ

ብርሃኔ ወልደሰማያት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ንግግር ስትጽፍ ኖራለች። ሥራዋ ፍርድ ቤት ነበር፤ ችሎት ውስጥ ግን እምብዛም አትገባም። ችሎት ላይ የተቀዳው ድምፅ እሷ ክፍል ድረስ ይመጣል፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ዳኛው የጠየቁትን፣ ምስክሩ የመለሰውን፣ ጠበቃው የተቃወመውን ቃል በቃል ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። የክፍሉ ሰዎች ከእሷ በላይ የሚፈጥን ጣት አላየንም ይሏታል።

አምና ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ስትለብስ የግራ እጇ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ እምቢ አላት። መስታወት ስታይ ከንፈሯም በአንድ ወገን ወርዷል። አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ሩቲ ከቁስቋም ታክሲ ተኮናትራ ወዲያው ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሰቻት። ቀላል ስትሮክ ነው ተባለ። ከንፈሯ በሳምንቱ ተስተካከለ፤ እግሯም ደህና ነበር። የግራ እጇ ጣቶች ግን ከእሷ ጋር ተኳረፉ። በሰኔ፣ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ በሕመም ምክንያት ሥራዋን ለቀቀች።

እጇን የሚያሠራላት ኢታና የሚባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነበር። ለስላሳ ኳስ ሰጣትና በቀን ሦስት ጊዜ እንድትጨምቀው ነገራት። «እትዬ ብርሃኔ፣ መድኃኒቱ መደጋገም ነው» አላት። ብርሃኔ ሁለት ሳምንት ጨመቀች። ከዚያ ኳሱን አልጋ ሥር ወርውራ ተወችው።

ማታ ሩቲ ስትጠይቃት፣ «ሰለቸኝ» አለች። «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ነው የሠራሁት። ይኼ ኳስ ምንም አይለኝም።»

ሩቲ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በቴሌግራም ቻናሏ ላይ ስለ ጌም ትጽፋለች። ተማሪ ሳለች የገዛችው የእጅ ጌም አላት፤ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ መሐሉ ስክሪን፣ ግራና ቀኙ ቁልፍ የተደረደረበት። በማግስቱ ከመሳቢያዋ አወጣችና አክስቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው?»

«ጌም ነው፣ እትዬ። ኳሱ ምንም አይለኝም አላልሽም? ይኼ ብዙ ይላል። ደግሞ ካለ ግራ አውራ ጣት አይሠራም።»

መጀመሪያ የመኪና ውድድር ከፈተችላት። ብርሃኔ መኪናዋን ሦስቴ ግድግዳ ላይ አላተመችና፣ «ይኼማ ታክሲ ነው፤ ይኼን ከሆነ ከቁስቋም ስወርድ አየዋለሁ» ብላ መለሰችላት። ቀጥሎ ፍራፍሬ የሚደረደርበት መጣ፤ ደስ ይላል፣ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። በሦስተኛው ሩቲ የፍርድ ቤት ጌም ከፈተችላት። ተጫዋቹ ጠበቃ ነው። ምስክር ይቀርባል፣ ቃሉን ይሰጣል፤ ጠበቃው በእጁ ካሉት ማስረጃዎች ውስጥ ከምስክሩ ቃል ጋር የሚጋጨውን መርጦ ያቀርባል። ከተሳሳተ ዳኛው ያስጠነቅቁታል። አምስቴ ከተሳሳተ ደንበኛው ይፈረድበታል።

የብርሃኔ እንግሊዝኛ የድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ለመናገር ያፍራል፣ ለማንበብ ግን አያንስም። መዝገበ ቃላቱን አጠገቧ አድርጋ ጀመረች። ተከሳሿ አንዲት የሆቴል ወጥ ሠሪ ናት፤ የእንግዳ ቀለበት ሰርቃለች ተብላለች። ምስክሩ አትክልተኛው ነው። «ጎህ ሲቀድ በመስኮቴ አየኋት፤ ሣሩን እየሮጠች አቋርጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች» ይላል።

ብርሃኔ እዚህ ቃል ላይ ቆመች። ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ አየች። ያን ሌሊት ሙሉ ዝናብ ጥሏል የሚል የጋዜጣ ቁራጭ አለ። በዚያው ጠዋት የተነሣ የወጥ ቤቱ ፎቶግራፍም አለ፤ ወለሉ ንጹሕ ነው። እርጥብ ሣር ላይ የሮጠ ሰው ገብቶበት ወለል እንዴት ንጹሕ ይሆናል? ነገሩ ወዲያው ገባት። ማስረጃው የሚመረጠው ግን በግራ አውራ ጣት ነው። ጣቷ ዘገየችና ከፎቶግራፉ አልፋ ቀለበቱ ላይ አረፈች። ዳኛው በጠረጴዛው ላይ መዶሻ መቱ።

«ይቅርታ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች ብርሃኔ ለስክሪኑ። ሩቲ ሳቋን ዋጠች።

በሁለተኛው ሙከራ ፎቶግራፉ ላይ ደረሰች፤ ቁልፉን ተጫነችው። አትክልተኛው ላብ በላብ ሆነ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ተንተባተበ፤ ቀጥሎም ያን ጠዋት ከአልጋው እንዳልተነሣ አመነ። ብርሃኔ ጌሙን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ምነው፣ እትዬ?»

«ምንም። ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ቁልፍ አልነበረኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን እንድታሠራ ማንም መለመን አላስፈለገውም። ክረምቱ ገብቶ የእንጦጦ ጉም ግቢው ድረስ ሲወርድ፣ ብርሃኔ በረንዳ ላይ ጋቢዋን ደርባ ተከሳሾቿን ነጻ ታወጣለች። ኢታና በየሳምንቱ እጇን ይለካል፤ ቁጥሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ይላል።

አክስቷ ያየችውን ሁሉ ከራት በኋላ ስታብራራ የምትሰማው ሩቲ፣ አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ ድምፅዋን ቀዳችው።

«ለቻናሉ ነው። ከአሥር ስንት ትሰጪዋለሽ?»

«ከአሥር ስምንት ብልሽ ምን ማለት ነው? ሁለቱ የት ሄደ?» አለች ብርሃኔ። ነጥብ መስጠት እምቢ ብላ በምታውቀው መንገድ ፈረደች። ጥሩ ጌም «በነጻ ይሰናበት» ይባላል። ጥሩ ሆኖ ጉድለት ያለበት «ለሌላ ቀጠሮ» ይተላለፋል። ጊዜ የሚያባክነው «መዝገቡ ተዘግቷል»።

ስለ ፍርድ ቤቱ ጌም እንዲህ አለች፦ «ጠበቃው ምስክር ላይ ይጮኻል። እኛ ጋ ቢሆን ዳኛው ያስወጡት ነበር። ዳኛውም የመጨረሻ የተናገረውን ነው የሚያምኑት፤ እንዲህ ያለ ዳኛ አይግጠማችሁ። ነገር ግን ይኼ ጌም ማዳመጥ ያስተምራል። ሰው ሲዋሽ ውሸቱ ትልቁ ነገር ላይ አይገኝም፤ ትንሿ ቃል ላይ ነው። ይኼን የሠራው ሰው ያውቃል። በነጻ ይሰናበት።»

ድምፁ ከተለቀቀ በኋላ የቻናሉ ወጣቶች ሌላም እንድትመዝንላቸው ጠየቁ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጌም በሩቲ በኩል አዋሷት።

ከተዋሰቻቸው አንዱ የጭራቆች ፍልሚያ ነበር። ተጫዋቹ በየጫካው ጭራቅ እያላመደ፣ እያሳደገ፣ ከሌሎች ጭራቆች ጋር ያፋልማል። ብርሃኔ ይኼን ስትጀምር ነው ጋሽ ባጫ የመጡት። ጋሽ ባጫ በዚያው ግቢ ከእሷ ፊት ለፊት ካለው ቤት ይኖራሉ፤ ሰባውን አልፈዋል። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል፣ አሁን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። ቀንዳም፣ ጀርባው ቋጥኝ የመሰለ ፍጡር ቆሟል።

«ብርሃኔ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ጭራቅ ነው፣ ጋሽ ባጫ።»

«ጭራቅ ምን ያደርግልሻል?»

«ያው ይፋለማል። ሲደክመው ይተኛል፣ ሲርበው ይበላል።»

«ምን ይበላል?»

«ፍሬ።»

ጋሽ ባጫ ጥቂት አሰቡ። «ፍሬ የሚበላ ምኑ ጭራቅ ነው» አሉና በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

ጋሽ ባጫ ሰላሌ ውስጥ በከብት መሐል ያደጉ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ስለዚህ ብርሃኔ የሚጻፈውን ሁሉ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸዋለች። ፍልሚያውን ግን ካለ አስተርጓሚ ይረዱታል። ብርሃኔ ቁጥር ታያለች፤ እሳቸው አቋቋም ያያሉ። ቀንዳሙን «ቡሬ» ብለው ሰየሙት።

«አሁን አስወጪው» ይላሉ።

«ገና ግማሽ ጉልበት አለው እኮ።»

«የፊት እግሩን አላየሽም? ሊሸሽ ነው። አስወጪውና ያችን ትንሿን አስገቢያት።»

ብርሃኔ አልሰማቻቸውም፤ ቡሬ ተሸነፈ። በሁለተኛውም አልሰማቻቸውም፣ ተሸነፈ። በሦስተኛው ሰማቻቸው። ቡሬ አርፎ ተመለሰና እሳት የሚተፋውን ወፍ ጣለው። ጋሽ ባጫ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉና፣ «ይኸው» አሉ።

ፍርዱ ላይ ግን አልተስማሙም። ብርሃኔ ታሪክ የለውም፣ ሰዎቹ ለምን ጭራቅ እንደሚያፋልሙ እንኳ አይናገሩም ብላ ለሌላ ቀጠሮ ልታስተላልፈው ፈለገች። ጋሽ ባጫ ድምፃቸውን ለሩቲ ስልክ ሰጡ፦ «የፍርድ ቤቱ ወሬ ይበዛበታል። እዚህ ግን የተሸነፈ አይሞትም፤ ቤቱ ገብቶ ያርፋል፣ ነገ ይነሣል። እንዲህ ያለ ጠብ ጥሩ ነው።» ሩቲ ሁለቱንም ለቀቀች። የጋሽ ባጫ ፍርድ የበለጠ ተደመጠ። ብርሃኔ ነገሩ ትንሽ ቆርቆሯታል፤ ግን አልደበቀችውም።

ነሐሴ ሲጋመስ ኖህ የሚባል ወጣት ለሩቲ ጻፈላት። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የራሳቸውን የፍርድ ቤት ጌም ሠርተዋል፤ በስልክ የሚጫወቱት፣ በአማርኛ፣ ታሪኩም አዲስ አበባ ውስጥ የሆነ። እትዬ ብርሃኔ እንዲመዝኑት ይፈልጋል፣ ከተቻለም እሱ ባለበት። ሩቲ ፈቀደች። ቅዳሜ ከሰዓት ኖህ በዝናብ ርሶ መጣ፤ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ብርሃኔ ፎጣ ሰጠችውና ስልኩን ተቀብላ ተጫወተች። ሁለት ሰዓት ያህል ከስክሪኑ ቀና አላለችም። ኖህ ስክሪኑን ትቶ ፊቷን ሲጠብቅ ዋለ።

በመጨረሻ ስልኩን መለሰችለት።

«ሥዕሉ ቆንጆ ነው። አነጋገሩም የእኛ ሰው አነጋገር ነው፤ እሱ አስደስቶኛል። ግን ምስክራችሁ ሳይምል ቃሉን ሰጠ። ዐቃቤ ሕጉ ሄዶ ተከሳሹን ትከሻውን ይነካዋል፤ ይኼ አይደረግም። ደግሞ ጸሐፊው የታለ?»

«የምን ጸሐፊ?»

«ይኼ ሁሉ ሰው ሲናገር ማን ነው የሚጽፈው?»

ኖህ ጭንቅላቱን አከከ። «እ... ማለቴ፣ አስበንበት ነበር። ግን ጸሐፊው ለጨዋታው ምንም አይጨምርም። በቃ ዝም ብሎ ነው የሚጽፈው።»

ሩቲ አክስቷን አየቻት። ብርሃኔ አልተቆጣችም። ወንበሯን አስተካከለችና ከሰባት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነገረችው።

አንድ የመጋዘን ዘበኛ ለሌቦች በር ከፍተሃል ተብሎ ተከሶ ነበር። ዋናው ምስክር አንድ ቀን ቃሉን ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ ለተጨማሪ ጥያቄ ሲጠራ ዳኛው ተለውጠዋል፤ አዲሱ ዳኛ የፊተኛውን ቃል የሚያውቁት ከግልባጩ ብቻ ነው። የሁለቱም ቀን የድምፅ ቅጂ የደረሰው ለብርሃኔ ነበር። በሁለተኛው ቀን ምስክሩ «ግቢ ውስጥ፣ ከጎኑ ቆሜ አየሁት» አለ። የመጀመሪያው ቀን ቅጂ ላይ ግን ልክ ይኼ ቦታ ሲደርስ የችሎቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ወረደበትና የምስክሩ ድምፅ ጠፋ።

«እንዲህ ሲሆን 'አይሰማም' ተብሎ በቅንፍ ይጻፋል» አለች ብርሃኔ። «ደንቡ ይፈቅዳል። ሥራ ተደራርቦብኝ ነበር፣ ጽፌው ላልፍ ነበር። ግን መልሼ ሰማሁት። ደጋግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። አሥራ አራተኛው ላይ ከዝናቡ ሥር ቃሉ ወጣልኝ፤ 'ከአጥሩ ውጭ ቆሜ' ነው ያለው። ጻፍኩት።»

«ከዚያ ለዳኛው ነገሯቸው?»

«ለአለቃዬ ነገርኩ። 'ብርሃኔ፣ የእኛ ሥራ መጻፍ ነው፤ መመዘን የዳኛ ነው' አለኝ። ልክ ነው። ጽፌ አስረከብኩ።»

«ሰውየውስ ምን ሆነ?»

«አላውቅም። ለእኛ መጨረሻውን የሚነግረን የለም፤ ሌላ ቅጂ ይመጣል፣ ሌላ እንጽፋለን።»

ኖህ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እኔ ብሆን ሰባት ዓመት ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም ነበር» አለ። ለመውቀስ ያለው አልነበረም። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ብርሃኔ ጌም መክፈት አላሰኛትም። ሁለት ቀን ሙሉ ይኼው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት ለምትሠራው የድሮ ባልደረባዋ ለኢየሩ ደወለችላት።

ፍርድ ቤቱ የክረምት ዕረፍት ላይ ነበር። እስከ ጥቅምት ጠበቀች። የዘበኛውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አልረሳችም፤ የመዝገቡን ቁጥር ግን ኢየሩ ፈልጋ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ሐሙስ ጠዋት ብርሃኔና ሩቲ አብረው ሄዱ። ኢየሩ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አቧራውን ጠርጋ ፋይሉን አስቀመጠችላቸው። ውሳኔው ዘጠኝ ገጽ ነው። ብርሃኔ መጨረሻውን ገልጣ ማየት ትችል ነበር፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ወረቀቱን እንዳይገለብጠው በግራ እጇ ተጭና ያዘችው።

ስድስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። ዳኛው የምስክሩን ሁለት ቃሎች ከነገጻቸው ጎን ለጎን ጠቅሰዋል። በፊተኛው «ከአጥሩ ውጭ ቆሜ»፣ በኋለኛው «ከጎኑ ቆሜ»። ምስክሩ በቦታው ስለመኖሩ እንኳ ፍርድ ቤቱ እርግጠኛ መሆን አልቻለም ይላል። ተከሳሹ በነጻ ተሰናብቷል።

ብርሃኔ «ከአጥሩ ውጭ ቆሜ» የሚለውን ደግማ አነበበች። ሦስት ቃል ናት። ስሟ የትም የለም፣ ሊኖርም አይገባም።

«ወጥቷል አይደል?» አለች ኢየሩ።

«ወጥቷል» አለች ብርሃኔ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰችና ቀኖቹን ቆጠረች። ዘበኛው ከተያዘበት እስከ ተፈታበት አሥራ አንድ ወር ታስሯል።

ቤት ስትገባ ለጋሽ ባጫ ነገረቻቸው። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«አሥራ አንድ ወር ረጅም ነው» አሉ።

«ረጅም ነው።»

«ልጆች ነበሩት?»

«አይልም። መዝገቡ ላይ አልተጻፈም።»

ጋሽ ባጫ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርሃኔም አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ፀሐዩ ከአጥሩ ወዲያ እስኪያልፍ ድረስ አብረው ቆዩ። ያን ሌሊት ግን ስትሮክ ከያዛት ወዲህ ተኝታ የማታውቀውን ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ለኖህም ደውላ ነገረችው። እሱም፣ «ጸሐፊዋን ብናስገባትስ?» አላት። ከጓደኞቹ አንዱ አልተስማማም፤ ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ተጫዋች ቁጭ ብሎ ቅጂ አያዳምጥም አለ። በመጨረሻ አንድ ምዕራፍ ብቻ ተፈቀደላት። በዚያ ምዕራፍ ተጫዋቹ ጸሐፊ ይሆናል፤ ዝናብ የሸፈነውን የምስክር ድምፅ እየደጋገመ ሰምቶ ቃሉን ያወጣል። ከተሰላቸ «አይሰማም» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ጠበቃው ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ ያ ቃል ይጎድለዋል።

በጥር ኖህ አዲሱን ምዕራፍ ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ የብርሃኔ ግራ እጅ የሹራቧን ቁልፍ ይቆልፋል፣ መርፌም ይይዛል፤ እንደ ድሮው መጻፍ ግን አይችልም። ኢታና ከዚህ በላይ ላይመጣ ይችላል ብሎ በግልጽ ነግሯታል። ማዳመጫውን አድርጋ ምዕራፉን ጀመረች፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰማው ቃሉን አገኘችውና ማዳመጫውን አወለቀች።

«ቀለለ?» አላት ኖህ።

«ዝናባችሁ ዝናብ አይደለም። ሣር ላይ የሚወርድ ነው፣ የፈረንጅ አገር ዝናብ። የቆርቆሮ ዝናብ ሰው አያናግርም።»

«ከኢንተርኔት ነው ያወረድነው» አለ ኖህ። «እውነተኛውን ለመቅዳት ሰኔን መጠበቅ አለብን።»

በራቸው ላይ ቆመው ሲሰሙ የነበሩት ጋሽ ባጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው» አሉ። «ውኃም ዛሬ መጥቷል።»

ጋሽ ባጫ የአትክልት ማጠጫ ጎማቸውን ከቧንቧው ገጥመው፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ወደ ጣሪያው አነሡት። ሩቲ ስልኳን ይዛ የጋሽ ባጫ ቤት ገባች። ኖህ መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ የምስክሩን ቃል ማንበብ ጀመረ። ብርሃኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«ይሰማል» አለች።

ጋሽ ባጫ ውኃውን ጨመሩት። ጣሪያው መንጫጫት ጀመረ።

«አሁንም ይሰማል። ወደ በሩ ያምጡት፣ ጋሽ ባጫ።»

ጎማው ወደ በሩ መጣ። የኖህ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ ጠፋ። ብርሃኔ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት አዳመጠችና እጇን አነሣች።

«በቃ፣ እንዲህ ነው» አለች። «ሩቲ፣ አሁን ቅጂው።»